ልጆቹ አብረው ይበላሉ፣ አብረው ግን አይጫወቱም

ጥያቄ፦

«ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? የስፖርት መምህር ነኝ፤ ከሥራ ሰዓት ውጭ ጎንደር ውስጥ አንድ የሰፈር ቡድን በነፃ አሰለጥናለሁ። ልጆቹ ከ16 እስከ 19 ዓመት ናቸው። አምና ጥሩ ነበርን። ዘንድሮ ግን ቡድኑ ተበላሽቶብኛል። የአዘዞና የፒያሳ ሰፈር ልጆች ጎራ ለይተዋል፤ ልምምድ ላይ እንኳ ኳስ አይቀባበሉም። እኔ የሌለሁበት የቴሌግራም ግሩፕ ከፍተዋል። አንዱ ልጅ የሚጻፈውን ስክሪንሻት እያደረገ ይልክልኛል፤ አብዛኛው እኔን ማማት ነው።

ይቀራረቡ ብዬ ከኪሴ ጨምሬ ጎርጎራ ወሰድኳቸው። ዓሣ በላን፣ ጨፈርን፤ ስንመለስ መኪናው ውስጥ ዘፈኑ አልቆመም። በሦስተኛው ቀን ጨዋታ ላይ በረኛውና ተከላካዩ ሜዳ መሐል ተሰዳደቡ፤ 4 ለ 1 ተሸነፍን። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ብዬ መክሬያቸዋለሁ፣ ተቆጥቻቸዋለሁ፤ ምንም ለውጥ የለም። ሥነ ሥርዓት ይያዝ ብዬም በሳምንቱ አንድ ቀን ልምምድ የቀረ ልጅ በቋሚነት አይሰለፍም የሚል ሕግ አውጥቼ ነበር። አጥቂያችን ሦስት ቀን ቀረ፤ ጨዋታው ትልቅ ስለነበር ግን አሰለፍኩት፤ እሱም ሁለት አግብቶ አሸነፍን። ስለዚህ ውጤት ላይ ችግር አልነበረም። በእሱ ቦታ ሲለማመድ የሰነበተው ልጅ ብቻ ከዚያ ወዲህ ሰላምታ ይነፍገኛል።

ኮሚቴው ሽማግሌ ይግባ እያለ ነው። መተማመንን እንዴት ነው የምፈጥረው? ወይስ ልተወው?»

ግራ የገባው ኮች፣ ከጎንደር

መልስ፦

ወንድሜ፣ በመጀመሪያ እግዜር ይስጥልኝ። ከሥራ በኋላ፣ ያውም ከኪስ እየጨመሩ የሰፈር ልጅ ማሰልጠን ቀላል አይደለም። ይህን አስቀድሜ የምለው የሚቀጥለው ትንሽ ስለሚጎመዝዝህ ነው።

ጎርጎራ አልከሸፈም። ልጆቹ ዓሣ በሉ፣ ጨፈሩ፣ ደስ ብሏቸው ተመለሱ። ሽርሽር ከዚህ በላይ ሥራ የለበትም። ስለ አዘዞና ስለ ፒያሳ በኋላ እመለስበታለሁ። እኔን ያስቆመኝ አጥቂውን የጠቀስክበት ቦታ ነው። «ስለዚህ ውጤት ላይ ችግር አልነበረም» ብለህ አለፍከው። ሕግ አወጣህ፣ ራስህ ጣስከው፣ አሸነፍክ። ስላሸነፍክ የተሰበረው ነገር አልታየህም። ለልጆቹ ግን ታይቷቸዋል።

እስቲ ያን ቀን በእነሱ ዓይን እንየው። መልበሻ ክፍል የላችሁም ብዬ ልገምት፤ የሰፈር ቡድን መልበሻ ክፍሉ የሜዳው ዳር ነው። ማሊያው በማዳበሪያ ከረጢት መጥቷል። አንተ አሰላለፍ እየጠራህ ማሊያ ትወረውራለህ። ያ ልጅ ሳምንቱን ሙሉ በአጥቂ ቦታ ተለማምዷል። ሕጉን ሰምቷል፤ ዛሬ ተራው መሆኑን እርግጠኛ ነው። ካልሲውን ስቧል፣ ታኬታውን አጥብቆ አስሯል። 9 ቁጥር ማሊያ በአናቱ ላይ አልፎ ሦስት ቀን ለቀረው ልጅ ሄደ። ማንም ምንም አላለም። ኮች ነሃ፤ ትከበራለህ። ልጁ ታኬታውን ሊፈታ ጎንበስ ሲል ጓደኞቹ ወዴት ያዩ ይመስልሃል? ወደ አንተ ነው።

ያን ዕለት ሁሉም የየራሱን ትምህርት ወሰደ። ተጠባባቂው መልፋት ዋጋ እንደሌለው ተማረ። አጥቂው ሕግ እሱን እንደማይነካው ተማረ። የቀሩት ደግሞ የአንተ ቃል እንደ ተጋጣሚው ጥንካሬ እንደሚለዋወጥ ተማሩ። ከዚያ ወዲህ እያንዳንዱ ለራሱ ይጠነቀቃል። ቃሉ የማይታመን አለቃ ያለበት ሰው ምን ያደርጋል? ወገኑን ይፈልጋል። የአዘዞው ልጅ የአዘዞውን፣ የፒያሳው የፒያሳውን። አምና እኮ እነዚሁ ልጆች ከእነዚሁ ሰፈሮች ነበሩ፤ ጎራ ግን አልነበረም። ራስህ «ጥሩ ነበርን» ብለሃል።

መተማመን ሲባል ብዙ አሰልጣኝ ስለ ፍቅር ስለሚመስለው ምክርና ግብዣ ያበዛል። ሜዳ ውስጥ ግን መተማመን የቴክኒክ ጉዳይ ነው። የኦፍሳይድ ወጥመድን ውሰድ፤ ተከላካዮች ወደ ፊት ወጥተው የተጋጣሚውን አጥቂ ከኋላቸው የሚያስቀሩበት ስልት ነው። አራት ተከላካዮች በአንድ ጊዜ ወደ ፊት መውጣት አለባቸው። ሦስቱ ወጥተው አንዱ «እነዚህ ባይወጡስ» ብሎ አንዲት እርምጃ ከቀረ የተጋጣሚው አጥቂ ኦፍሳይድ አይሆንም፤ በረኛው ብቻውን ይጋፈጠዋል። ከመስመር ኳስ ሲሻማም እንዲሁ ነው። በረኛው «የኔ!» ብሎ ሲጮህ ተከላካዩ በዚያችው ሰከንድ ኳሱን መተው አለበት። ካላመነው አይተውም፤ ይጋጫሉ። ወይም ሁለቱም ይተዉታል፤ ኳሱ መሐላቸው ወድቆ ግብ ይሆናል። ከዚያ በኋላ ያለው ስድብ የመጨረሻው ምልክት ነው። በረኛህና ተከላካይህ ጠበኞች ሆነው ላይሆን ይችላል። ሁለቱም ከተሳሳቱ ማን እንደሚወቀስ ስለማያውቁ እያንዳንዱ ጥፋቱን ቀድሞ ወደ ሌላው ይገፋል። አንተስ ጥፋት ሲፈጠር ከሜዳው ዳር የምትጮኸው በማን ላይ ነው? በሁሉም ላይ እኩል ነው ወይስ በሚመችህ ልጅ ላይ? ይህን ራስህ መርምረው።

የስፖርት ተመራማሪዎችም ሁለቱን ነገር ለያይተው ያዩታል። ካናዳዊው አልበርት ካሮንና ባልደረቦቹ ስለ ቡድን አንድነት ሲያጠኑ ተጫዋቾች እርስ በርስ የሚወዳጁበትን ቅርበት ለአንድ ግብ ተባብረው ከሚሠሩበት ቅርበት ለይተው ይለኩ ነበር። ጎርጎራ ላይ የመጀመሪያውን አገኘህ። ያጣኸው ሁለተኛውን ነው።

ሌላ ጥናት ልጨምርልህ፤ ይህኛው አንተን በቀጥታ ይመለከታል። ኩርት ዲርክስ የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2000 ያሳተመው ነው። በአሜሪካ ኮሌጆች 30 የወንዶች ቅርጫት ኳስ ቡድኖችን ተከታተለ። የተጫዋቾቹን ችሎታና የቀደመ ውጤታቸውን ከግምት አስገብቶ እንኳ በአሰልጣኛቸው የሚተማመኑ ቡድኖች የበለጠ ያሸንፉ ነበር። ተጫዋቾች እርስ በርስ ያላቸው መተማመን ግን ለብቻው ያን ያህል ልዩነት አላመጣም። አንተ ደግሞ ወራቱን ያሳለፍከው ልጆቹን እርስ በርስ ለማስማማት ስትደክም ነው። መጀመሪያ መጠገን ያለበት ከአንተ ጋር ያላቸው ነገር ነው።

እዚያው ጥናት ላይ ማሸነፍም በተራው መተማመን እንደሚያመጣ ታይቷል። የሰፈር ኮሚቴ «ውጤት ይምጣ እንጂ ፍቅሩ ይመጣል» የሚለው እንግዲህ ፍጹም ባዶ ወሬ አይደለም። አንተ ግን አሸንፈህ ነው ያጣኸው። በምን እንዳሸነፍክ ልጆቹ ያውቃሉ።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ።

ከሁሉ አስቀድመህ ሰላምታ የነፈገህን ልጅ አግኘው። ሌላ ሰው አትላክበት፤ ቴክስትም አትጻፍለት። ልምምድ ሲያልቅ ኮኖቹን አብራችሁ ሰብስቡና ሌሎቹ ሲሄዱ ንገረው። ቦታው የአንተ ነበር፣ ወሰድኩብህ፣ ልክ አልነበረም በለው። ወዲያው «እሺ ኮች» ብሎ ይስቅልኛል ብለህ አትጠብቅ። ዝም ሊል ይችላል። ዝም ይበል። የሚቀጥለውን ጨዋታ እንደ ካሣ ቃል እንዳትገባለት ግን አደራ። የሚገባው ከሆነ ይሰለፋል፤ ካልሆነ አይሰለፍም። በይሉኝታ የተሰጠ ማሊያ ሌላ አድልዎ ነው።

ቀጥለህ አጥቂውን። አንድ ጥያቄ አለኝ፦ እነዚያን ሦስት ቀናት ለምን እንደቀረ ጠይቀኸዋል? ደብዳቤህ ውስጥ የለም። ምናልባት የቀን ሥራ አግኝቶ ነው። ምናልባት ለቅሶ ነበረበት። ምናልባትም ተኝቶ ነው። ካልጠየቅከው አንተም እሱን አታውቀውም ማለት ነው። በቡድኑ ፊት ከመናገርህ በፊት ምን እንደምትል ይወቅ፤ በሰው ፊት እንዲደነግጥ አታድርገው። እሱን መሥዋዕት አድርገህ ሌሎቹን ለማስደሰት እንዳትሞክር። የጣስከው አንተ ነህ፤ እሱ የተሰጠውን ማሊያ ለበሰ።

ከዚያ ሁሉንም ሰብስብ። ንግግርህ አጭር ይሁን። «ሕግ አወጣሁ፤ ለአንድ ጨዋታ ስል ራሴ ጣስኩት። ጥፋቱ የኔ ነው፤ የማንም አይደለም። ይቅርታ።» እዚህ ላይ አቁም። «ግን ጨዋታው ትልቅ ስለነበር» ካልክ ይቅርታው ወደ ክርክር ይለወጣል። ይንቁኛል ብለህ እንደምትፈራ አውቃለሁ። እኛ አገር ታላቅ ታናሹን ይቅርታ ሲጠይቅ ብዙ አይታይም፤ መምህር ተማሪውን ሲጠይቅማ ጭራሽ። ነገር ግን ጥፋቱን እነሱ አስቀድመው ያውቁታል። አልናገርም ብትል የምትደብቀው ከማን ነው?

ሕጉን በዚያው ቀን እንደገና አውጡት፤ በዚህኛው ዙር ግን ከልጆቹ ጋር። አንድ ቀን የቀረ አይሰለፍም የሚለው በጣም ደረቅ ነው። ፈተና አለ፣ ለቅሶ አለ፣ ቤተሰብ ገበያ የሚልክበት ቀን አለ። ለቅሶ የሄደና ሲጫወት ያመሸ እኩል ከተቀጡ ሕጉ ራሱ አድሏዊ ይሆናል፤ አንተም መጣስህ አይቀርም። «የሚቀር ሰው ከልምምዱ በፊት ይደውላል፤ ሳይደውል የቀረ በሚቀጥለው ጨዋታ ቋሚ አይሆንም» ብትሉስ? የምትጠብቃት ትንሽ ሕግ ይሻልሃል። ልጆቹ ራሳቸው ከዚህ የጠበቀ ሊያወጡ ይችላሉ። ልጅ በልጅ ላይ ሕግ ሲያወጣ ጨካኝ ነውና ትንሽ ያዝ አድርጋቸው።

አሰላለፍን በተመለከተ ደግሞ፣ የማይሰለፈው ልጅ ከማሊያው በፊት ከአንተ አፍ ይስማ። ጨዋታው እሑድ ከሆነ ቅዳሜ ማታ ደውልለት። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ምክንያቱ ግን ልጁ ሊሠራበት የሚችል ነገር ይሁን። «ተራህ ይደርሳል» ምክንያት አይደለም። «ጀርባህን ለግቡ ሰጥተህ ኳስ ስትቀበል ይነጥቁሃል፤ ማክሰኞ እሱን እንሠራለን» ምክንያት ነው። ማክሰኞ ሲመጣም ሥራው። እንዲህ የተነገረው ልጅ ይከፋዋል፤ አይክድህም ግን።

ስለ ቴሌግራሙ። ለዚያ ልጅ ዛሬውኑ ስክሪንሻት መላክ ይብቃ በለው። በቡድንህ ውስጥ ጆሮ ጠቢ አሰማርተህ መተማመን የት አለ ብለህ ትጠይቀኛለህ! ልጁ አንድ ቀን መታወቁ አይቀርም፤ ያን ቀን እሱም አንተም ታልቃላችሁ። ግሩፑን ዝጉ፣ አስገቡኝ ብለህም አትጠይቅ። ኮች የሌለበት ግሩፕ ያልነበረው ቡድን የለም፤ ድሮ ግሩፑ የጀበና ቡና ቤት ነበር። ይሙህ። ስታስተካክል ሐሜቱ ራሱ ይሰለቻቸዋል።

መተማመን የሚገነባው በወረቀት ሥራም ነው። በ2005 ዓ.ም. የሆነውን ታስታውሳለህ። ብሔራዊ ቡድናችን እ.ኤ.አ. ለ2014ቱ የዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ምድቡን እየመራ ሳለ ሁለት ቢጫ ካርድ ስለነበረበት መሰለፍ የማይገባው ተጫዋች ከቦትስዋና ጋር ስንጫወት ተሰለፈ። ሜዳ ላይ ያገኘነው 3 ነጥብ ተነጠቀ። ተጫዋቾቹ የሮጡት በወረቀት ስህተት ጠፋ። ፌዴሬሽኑ ጥፋቱን አመነ። ልጆቹ አልተበተኑም፤ ጳጉሜን ላይ ብራዛቪል ሄደው የመካከለኛው አፍሪካ ሪፐብሊክን 2 ለ 1 አሸንፈው ምድቡን በአንደኝነት ጨረሱ። በመጨረሻው ዙር ናይጄሪያ ባታስቀረን ኖሮ የት በደረስን! ለአንተ የሚጠቅምህ ግን የመጀመሪያው ክፍል ነው። የአንተን ቡድን ካርድ የሚመዘግበው ማን ነው? የመታወቂያና የዕድሜ ወረቀታቸውስ የት ነው ያለው? ልጆቹ ስለ እግር ኳስ የምታውቀውን በዘጠና ደቂቃ አይለኩትም። ኳስ ተነፍቶ መጥቷል? ወጌሻው ፋሻ ይዟል? ልምምዱ በተባለው ሰዓት ተጀምሯል? በዚህ ነው የሚለኩህ።

አሁን አዘዞና ፒያሳ። አንተ ጎንደሬ ነህና ፋሲል ከነማ በ2013 ዓ.ም. የመጀመሪያውን የፕሪሚየር ሊግ ዋንጫ ሲያነሳ ከተማው ምን ሆኖ እንደነበር አልነግርህም። ግን አስበው፤ ያን ዓመት በኮሮና ምክንያት ሊጉ በተመረጡ ከተሞች እየተዘዋወረ ነበር የሚካሄደው። አፄዎቹ የሚባሉት የፋሲል ልጆች ጅማ፣ ባሕር ዳር፣ ድሬዳዋ፣ ሐዋሳ እያሉ ነው የከረሙት። የሚጫወቱት በፋሲለደስ ስታዲየም በደጋፊያቸው ፊት አልነበረም። በአሰልጣኝ ሥዩም ከበደ የሚመራው ቡድን ተጫዋቾች ከአገሩ አራት ማዕዘን የመጡ ነበሩ። በረኛው ሳማኬ ሚኬል ደግሞ ማሊያዊ ነው። ከማሊ የመጣ በረኛና ሐበሻ ተከላካይ በ«የኔ!» ከተግባቡ አንድ የታክሲ ጉዞ የሚለያያቸው ልጆች የማይግባቡበት ምክንያት የለም። ልምምድ ላይ ሰፈር ከሰፈር እያደረግክ አታጋጥማቸው። በግራ በኩል የአዘዞውን ተከላካይ ከፒያሳው ክንፍ ጋር አጣምርና ለብዙ ሳምንት እንዳትነካካቸው። አንዱ ወደ ፊት ሲወጣ ሌላው ቦታውን ይሸፍን። ስለ ወንድማማችነት ምንም ንግግር አያስፈልግህም። ወጥቶ ሲመለስ ቦታው ተሸፍኖ ካገኘው ልጁ ራሱ ያውቀዋል።

በረኛውንና ተከላካዩን አንድ ላይ ቁጭ አድርገህ «ታረቁ» አትበላቸው። ከልምምዱ በኋላ ከመስመር ኳስ እያሻማህ አሥራ አምስት ደቂቃ አሠራቸው። በረኛው ይጩህ፣ ተከላካዩ ይተው። በረኛው ጮሆ ካመለጠው ጥፋቱ የበረኛው ነው፤ ካልጮኸ ማጽዳት የተከላካዩ ሥራ ነው። ወቀሳው የማን እንደሆነ አስቀድሞ ከታወቀ የሚሰዳደቡበት ነገር ያንሳል።

ሽማግሌ? ተወው ወንድሜ። ሽማግሌ ለትዳርና ለደም ነው፤ ለአሰላለፍ አይደለም። ሽማግሌ ከገባ ልጆቹ በግድ ይስሙሃል፣ ጉልበትህን ይይዛሉ፤ ነገሩ ሳይነገር ይዳፈናል። ለኮሚቴው አንድ ወር ስጡኝ በላቸው። ማሊያና የሜዳ ጉዳይ የእነሱ፣ አሰላለፍ የአንተ መሆኑን በዚያው አጋጣሚ ለይ።

ልተወው ወይ ላልከው፣ አሁን አትተወው። አሁን ብትሄድ ልጆቹ የሚያስታውሱት ሕጉን ጥሶ የሄደ ኮች ነው። ዓመቱን ጨርስና ከዚያ ወስን።

አንድ ነገር ግን ይገጥምሃል፤ ከወዲሁ ተዘጋጅ። አዲሱ ሕግ መፈተኑ አይቀርም፤ የሚፈተነውም በቀላል ጨዋታ አይሆንም። አጥቂው ሳይደውል ይቀራል፤ እሑድ ደግሞ ፍጻሜ ይሆናል። ኮሚቴው ቅዳሜ ማታ ይደውልልሃል፣ ማሊያ የገዛላችሁ ነጋዴ ይደውልልሃል፣ የልጁ አጎት ሳይቀር ይደውልልሃል። አንተ ለተጠባባቂው ደውለህ «ነገ ቋሚ ነህ» በለውና ስልክህን ዘግተህ ተኛ።